ሦስቱ ኃይሎች የለመኑት ሰው

«እውነቴን ነው! አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ይህ መቀስ አውራ ጣቴን ይቁረጠው!» አለ ልብስ ሰፊው መቀሱን ወደ ጣሪያው አንሥቶ። «ሦስቱም ለምነውኛል። ምድር ኃይል፣ አየር ኃይል፣ ባሕር ኃይል። በአንድ ቀን!»

«በአንድ ቀን?» አለ ባለታክሲው። ሱሪው እስኪጠገንለት ጭኑ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ስለተቀመጠ የትም መሄድ አይችልም፤ የሚነገረውን ሁሉ ማድመጥ ግዴታው ነበር።

«ምን በአንድ ቀን! በአንድ ጠዋት!» አለ ልብስ ሰፊው። ቀን ራሱ ረዘመበት።

ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የእህቱ ልጅ ይህን ታሪክ ስትሰማ ለሺህኛ ጊዜዋ ነው። ሺህ ሲባል ለወሬ ማሳመሪያ እንዳይመስል፤ በሳምንት ሁለቴ ለዐሥር ዓመት ተባዝቶ ይታይ፣ እንዲያውም ያልፋል። ሰፈሩ «ሽቦ» ይላታል። ቅጥነቷን አይቶ ብቻ አይደለም፤ ሲያስቀምጧት ተፈናጥራ ስለምትነሣ ነው። ዛሬማ ከምሳ ወዲህ ብቻ አርባ ጊዜ መቀመጫ ቀይራለች። ሱቁ ውስጥ ያሉት መቀመጫዎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ላይ ባለታክሲው አለ።

እንዲህ ያንቀዠቀዣት ጉልበቷ ላይ ያለው ወረቀት ነው። የመኮንኖች ማሠልጠኛውን የመግቢያ ፈተና አልፋለች። የቀራት ይህን ቅጽ ሞልቶ ለትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር ማስረከብ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ ምድር ኃይል፣ አየር ኃይል፣ ባሕር ኃይል። ከሥራቸው በደቃቅ ፊደል «አንዱ ብቻ ይመረጥ። ከተመዘገበ በኋላ አይለወጥም» ይላል። ማስረከቢያው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ ሳጥኖቹ ግን ሦስቱም ባዶ ናቸው። ሽቦ የእስክሪብቶዋን አናት ትጫናለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር ተይው! በእሱ ምት ስሰፋ ስፌቱ ተንጋደደብኝ» አለ አጎቷ።

«እሺ ጋሼ።»

ቀጭ።

ሱቁ ከሊፍት ብዙም አይሰፋም፤ ግን ሦስት ሠራዊት ይውልበታል። በግራ ግድግዳ የምድር ኃይል ቡራቡሬ፣ በቀኝ የአየር ኃይል ሰማያዊ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ የተሸፈነ የባሕር ኃይል ነጭ ተሰቅሏል። በከተማው ውስጥ ማዕረግ ያለው ትከሻ ሁሉ እዚህ ተለክቷል፤ ያልተለካ ካለ ገና አልተወለደም።

«ለምን ትጨነቂያለሽ? እኔን ጠይቂኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰው ይዋሻል፣ ልብስ አይዋሽም። ምድር ኃይል ሁሌ ጉልበቱ ተቀዶ ይመጣል። ባሕር ኃይል ክርኑ ላይ ዝገት ይዞ ይመጣል፤ የሆነ ብረት ሳይደገፍ አይውልም መቼም። አየር ኃይል ልብሱ አይቀደድም።»

«ታዲያ እሱ ይሻላላ» አለ ባለታክሲው።

«ይጠባል! ቁጭ ነዋ ሥራቸው። የወገብ ቁልፍ ስተክልላቸው ነው ፀጉሬ የሸበተው!»

ባለታክሲው ሲስቅ ጋዜጣው ሊያመልጠው ነበር። ሽቦ ግን አልሳቀችም። እናቷ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ሦስት ጊዜ ደውላለች። ሊጡ በተቦካ ቁጥር ማለት ነው። «አየር ኃይል አድርጊው የኔ ልጅ፣ ንጹሕ ነው፣ ደግሞ ቅርብ ነሽ» ትላለች። ጓደኛዋ ደግሞ አለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ናቸው። በመዋኛ ገንዳ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስለወጣች «ዓሣ» የሚል ስም ራሷ ለራሷ አውጥታለች። ዓሣ ባሕር ኃይልን ከሞላች ሦስት ቀኗ ነው።

ስልኩ ነዘረ።

«አስገባሽ?» አለች ዓሣ፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«ገና ነኝ።»

«አቦ ሽቦ! ሙድ አትያዢብኝ። አብረን ተባባልን እኮ! ብቻዬን ልትልኪኝ ነው መርከብ ላይ?»

«እኔ ባሕሩን ሳስበው…»

«ምኑን ነው የምታስቢው? ውኃ ነው፣ ያው ብዙ ውኃ! ይልቅ ምድር ኃይል ብለሽ ጉድ እንዳትሠሪኝ። የግዴታ አገልግሎቱን ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራ ልትቅሚ?»

ሽቦ የእስክሪብቶዋን አናት ተጫነች፤ ቀጭ። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ክፍሉ ለጉብኝት ሲሄድ አውቶቡሱ ጫካ መሐል ተበላሽቶ ቆመ። አርባ ሦስት ተማሪ ተንጫጫ። የታሪክ አስተማሪያቸው ስልኩን ሲግናል ፍለጋ ወደ ሰማይ ይዞ በክብ ይዞር ጀመር። ሽቦ ከሾፌሩ የታጠፈ ካርታ ተቀበለች፤ ወንዙን አየች፣ ኮረብታውን አየች፣ ከዚያ «በዚህ ነው» ብላ ፊት ፊት ሄደች። ሰባት ኪሎ ሜትር! አርባ ሦስቱም ተከተሏት። የዚያን ቀን ከአንድ መንደር ሲደርሱ እግሯ ዕድሜዋን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ነገር ግን ይህን ለማን ይነግሩታል? ሁሉም ሰማይና ባሕር እያለ፣ «እኔ መሬት ላይ መሄድ ነው የምወደው» ማለት ያሳፍራል።

«እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋችው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አንዲት ሴትዮ ገቡ። ፀጉራቸው አጭርና ሽበት የበዛበት ነው፣ የለበሱት ተራ ሹራብ ነው፤ ክንዳቸው ላይ በከረጢት የተሸፈነ ልብስ ይዘዋል። ከረጢቱን ሲከፍቱት ሰማያዊ የአየር ኃይል የክብር ልብስ ወጣ። የኮሎኔል ማዕረግ ትከሻው ላይ ያብረቀርቃል። ባለታክሲው ተነሥቶ ሊቆም አስቦ ጋዜጣውን አስታወሰና ቁጭ አለ።

«እጅጌው ትንሽ አጥሮኛል» አሉ ኮሎኔሏ። «ለቅዳሜ ነው። ጡረታ እየወጣሁ ነው።»

«ምን ችግር አለ! እዚሁ ይጠብቁ፣ እንደ ብርሃን ነው የምጨርሰው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ልብሱን ገልብጦ ገበሩን እየፈታ። «እንዲያውም በሰዓቱ ደረሱ። ለዚህች ልጅ አንድ ታሪክ እየነገርኳት ነበር፤ አየር ኃይልም አለበት።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። ትንሽ ረዘም አድርገው። ከዚያ ሦስተኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ሽቦ እንደሆነ መስኮቱን ተደግፋ ቆማለች።

አዲስ ሰሚ ሲገኝ ልብስ ሰፊው ታሪኩን እንደ ሊጥ ይለጥጠዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የመኮንንነቱን ፈተና ከአገር አንደኛ ሆኖ እንዳለፈ ተረከ። «ቅጹ ተሰጠኝ። አልሞላሁትም! ያዝኩት፣ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ትምህርት ቤታችን ኳስ ሜዳ ላይ በሄሊኮፕተር ዱብ! የተማሪው ደብተር ሁሉ ተበተነ። የባሕር ኃይሉ አድሚራል፣ ባሕር ባይኖርም፣ ጀልባ በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። የምድር ኃይሉ ደግሞ በታንክ አጥር ደርምሶ ገባ። እንግዲህ ሦስቱ ፊቴ ተሰለፉ። ‹ልጄ፣ እኛን ምረጥ!› ‹የለም፣ እኛን!› ባርኔጣቸውን አወለቁ!»

«ኧረ ባርኔጣ!» አለ ባለታክሲው።

«አወለቁ ስልህ! እኔም ‹ጌቶቼ፣ አንዳችሁን ብመርጥ ሁለታችሁ ታዝናላችሁ። ስለዚህ ሦስታችሁንም አለብሳለሁ› አልኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አለብሳለሁ።»

ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከልቡ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። «ስለዚህ አትቸኩዪ፣ የኔ እናት። አሥራ አንድ ሰዓት ብለው ሲያስፈራሩሽ አትስሚያቸው። ይለፍ! ብልጥ ልጅ ናት ብለው ራሳቸው ደጅሽ ይመጣሉ። ለእኔ አልመጡም?»

ሽቦ ቅጹን አየችው። ባዶ ሳጥን ሦስት። ምክሩ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ሆነላት። ካልመረጠች ዓሣም አትቆጣም፣ እናቷም አታዝንም፣ ማንም አይስቅባትም። ሰዓቱ ዐሥር ከሃያ ይላል። ትምህርት ቤቱ በሩጫ ዐሥር ደቂቃ ነው። ቁጭ ብትል፣ እንዲሁ ዝም ብትል፣ አርባ ደቂቃ በራሱ ያልፍ ነበር። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። ለአራት ልታጥፈው ጀመረች።

«ትምህርት ቤታችን የኳስ ሜዳ አልነበረውም» አሉ ኮሎኔሏ።

ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። የስፌት መኪናው ለጥቂት ሄደና ቆመ።

«ምን አሉ?»

«ኳስ የሚጫወቱት መንገድ ላይ ነበር። ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ቦታ የለም።» ከዚያ ለስለስ አድርገው ጨመሩ፤ «አላወቅኸኝም አይደል? ከኋላህ ተሰልፌ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ‹ቀጮ› ነበር የምንልህ።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው።

«ማንም አልለመነውም፣ የኔ ልጅ» አሉ ሴትዮዋ ወደ ሽቦ ሳይሆን ወደ እጆቻቸው እያዩ። «ጄኔራል የሚባል አልመጣም። አንድ ጸሐፊ ነበር፣ አንድ መስኮት ነበር። ፈተናውን ግን በእውነት አልፏል፤ ስሙ ከእኔ በስድስት ሰው በላይ ነው የተለጠፈው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተሰለፍን። ተራው ደረሰ። ‹አንዴ ላስብ› አለና ከሰልፉ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። አባቱ ምድር ኃይል ይሉታል፣ ጓደኞቹ አየር ኃይል ገብተዋል። እኔ ሞላሁ፤ እሱ እንደቆመ ነው። ምሳ በላን፤ እንደቆመ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲዘጋ ቅጹ እጁ ላይ ነበር።»

ባለታክሲው ጋዜጣውን ማንበብ ጀመረ፤ ገልብጦ ይዞት ነበር።

«እስክሪብቶዬ…» አለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ፣ «የዚያን ቀን እስክሪብቶዬ ቀለም ጨርሶብኝ ነው።»

«የእኔን ሰጥቼህ ነበር» አሉ ኮሎኔሏ። «መለስክልኝ።»

ልብስ ሰፊው ዐይኑን ከሰማያዊው እጅጌ ላይ አላነሣም። ትከሻው ወርዷል፤ ሽቦ የዕድሜዋን ያህል ታውቀው የነበረ ሰው አሁን ገና የገባ ሰው መሰላት። ልትስቅበት አልቻለችም። ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ቀጭን ልጅ በዐይነ ኅሊናዋ አየችው፤ የዚያ ልጅ እግርም እንደ እሷ ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም።

የታጠፈውን ወረቀት ፈታችው። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ዘረጋችና እጥፋቱን በመዳፏ ዳመጠችው። ስልኩ ነዘረ፤ ዓሣ ነበረች። ጊዜ ወስዳ፣ እየነዘረ ትታው፣ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ምድር ኃይል። ከሥሩ ፈረመች። ፊርማዋ ትንሽ ተንጋደደ፣ ግን የራሷ ነበር።

አጎቷ ቀና ብሎ አያት። የቱን እንደመረጠች አልጠየቀም። «ሩጪ» አላት ብቻ፤ «በዋናው መንገድ እንዳትሄጂ፣ ሰው ይበዛበታል።»

ሽቦ በሩን በአንድ እጇ ከፍታ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ሃሎ ዓሣዬ» አለች፣ ደረጃውን እየዘለለች። «አሁን የምነግርሽን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሚኝ። ከዚያ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ።»