አርባ ሦስተኛው ገንቦ

የሞልዳ ሐይቅ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ላይ ዘነበ። ያላመነ ዓሦቹን ይጠይቅ፤ ሁለቱ እስካሁን ደመና ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። በኤልዞራ ምድር እንዲህ ያለ ምልክት የሚታየው የተሰረቀ ነገር ባለቤቱን ሲጣራ ብቻ ነውና፣ የዋንቢ ጎሣ ሽማግሌዎች ዳርቻው ላይ ተሰብስበው አለቀሱ። የተሰረቀውን ያውቁታል።

የዋንቢ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን እናቱ ሐይቁ ውስጥ ትነክረውና ለእርሱ ብቻ የሆነ ፉጨት ታወጣለታለች። ስሙ ያ ነው። ንጉሥ ጋርሞስ ግን ልጆቹን ከየእናታቸው ጉያ አስነጥቆ ነጭ ድንጋይ ቤት አስገባቸው። ፀጉራቸውን አስላጨ፤ ዜማቸውን ከእናቶቻቸው ከንፈር ሳይቀር አስመጥጦ በገንቦ አሸገው፤ በምትኩ ቁጥር ሰጣቸው።

አርባ ሦስት የተባለችው ልጅ ከዚያ ቤት ስትለቀቅ ሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ ሊያንጋ በየምሽቱ ሐይቁ ዳር ቆማ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፤ የሚወጣው ግን ባዶ ትንፋሽ ነው። ልጅቷ አጠገቧ ብትቆም «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» አለቻት በትሕትና። ያ ትሕትና ከድንጋይ ቤቱ አለንጋ ሁሉ ባሰባት።

ጦር አነሳችና ማለች፦ «በሞልዳ ውኃ! እናቴ ሳትጠራኝ ደጃፏን አልረግጥም!»

«መሐላስ ጥሩ ነው፤ ስንቅስ?» አላት አጎቷ ወልጋሞ፤ ከሚተነፍሰው የሚዋሸው የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። «ለነገሩ ያን ቤት በጉብዝናዬ ሁለቴ ከነመሠረቱ ተሸክሜዋለሁ።»

«ትናንት ሦስቴ ብለህ ነበር፣ አያ ወልጋሞ» አለ ጉማሬው ዱምባ ከውኃው ብቅ ብሎ።

«ዝም በል አንተ ዝርጥጥ! ሦስተኛው ላይ ደክሞኝ ነበር፤ አይቆጠርም።»

በዱምባ ጀርባ ከሐይቁ የሚወጣውን ወንዝ ይዘው ወደ ድንጋይ ቤቱ ወረዱ። በመንገድ ላይ ወፍ ባፏጨ ቁጥር አርባ ሦስት ዘወር ትላለች። ወልጋሞ አይቶ እንዳላየ ዝም ይላል። እርሱ ዝም ካለ ነገሩ ከባድ ነው።

ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ሦስት መቶ ገንቦዎች ተደርድረዋል። ጠባቂያቸው ጉልማት ዓይን የለውም፤ ጆሮው ግን ድንኳን ያህላል። ጦሯ ቆዳው ላይ እንደ ሸምበቆ ተሰበረ። ይህ አውሬ የሚተኛው የታሸገ ዜማ ሲውጥ ብቻ ነው። ወልጋሞ «የኔን ይብላ!» ብሎ የራሱን ቢያፏጭለት አውሬው አስነጠሰና ጥርሱን አገጠጠ። ሜዳ የዋለ ዜማ አይጥመውም።

አርባ ሦስት የራሷን ገንቦ አቅፋ ቆማለች።

«የሁለት መቶ ሰባን ገንቦ ስጪው» አለ ዱምባ በሹክሹክታ። «ማን ያውቃል?»

«እናቱ» አለችው።

ማሸጊያውን ነቅላ ገንቦዋን ጉልማት አፍ ውስጥ ገለበጠችው። ሁለት ድምፅ ብቻ ጆሮዋን ዳስሰው አለፉ፤ የወተት ሽታ የመጣ መሰላት። ከዚያ ምንም የለም። አውሬው አንኮራፋ።

የተረፉት ገንቦዎች በዱምባ ጀርባ መጥተው ሞልዳ ዳር ሲሰበሩ አገሩ በፉጨት ተናወጠ። ፂማቸው የሸበተ ወንዶች እንደ ሕፃን እየተደናቀፉ ወደ እናቶቻቸው ሮጡ። አርባ ሦስት ግን መሐላዋ አስሯት ከእናቷ ደጃፍ ወዲህ ስድስት ቀን ተቀመጠች። በሰባተኛው ቀን ወልጋሞ ሊያንጋ ፊት ቆሞ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳይጨምር ነገራት።

ሊያንጋ ወጥታ ያችን ጠባሳ የሞላባት ጦረኛ በእጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ወሰደቻትና እንደ አራስ ልጅ ነከረቻት።

«የጠፋውን እኔም አላውቀው፣ ልጄ» አለቻት። «ከመጣሽ ግን ዛሬ ሰባተኛ ቀንሽ ነው።»

እዚያው ትታት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከደጃፉ ቆማ ከንፈሯን አሞጠሞጠችና አዲስ ዜማ አፏጨች።

ልጅቷ ውኃው ውስጥ ሆና አዳመጠች። ሁለቱን ድምፆች ፈለገቻቸው፤ አልነበሩም። ሊያንጋ ደግማ አፏጨች።

ልጅቷ እርጥብ እግሯን እየጎተተች ወጣች፤ ደጃፉንም ረገጠች።