ሚስቲሲዝም የገደለው መምህር

ኢንስፔክተር ዋጋዬ ከፖሊስ ፒካፑ ስትወርድ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። አስከሬኑ ገና አልተነሳም። የእንግሊዝኛ መምህሩ ይኸነው ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ በጀርባው ተንጋሏል። ቁስል የለ፣ የደም ነጠብጣብ የለ። የሚያስገርመው ፊቱ ነው፤ የሞተ ሰው ይገረጣል እንጂ እንዲህ ጉንጩ አይቀላም።

«ሚስቲሲዝም ነው የገደለው» አለ አከራዩ አቶ አድማሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዋጋዬ ቀና ብላ አየችው። በእንጅባራ ፖሊስነቷ ከፈረስ የወደቀም፣ በድንበር ተጣልቶ የተገደለም መርምራለች። እንዲህ ያለ አሟሟት ግን ሰምታ አታውቅም።

«ምን አሉኝ?»

«ሚስቲሲዝም። ጎረቤቱ መምህር መሳፍንት ነው የነገረን። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ እኔ ነኝ በትከሻዬ የሰበርኩት። እሳት የለ፣ መርዝ የለ። ፈረንጆቹ ስም አውጥተውለታል ማለት ነው።»

የሟች እህት ፍቅርአዲስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ለፈረንጅ ስም ደንታ የላትም።

«በልታው ነው!» ብላ ጮኸች። «ያቺ ከሰል ሻጭ፣ እህተማርያም! ትናንት ቆማ ስታየው ነበር። ፊቱን አታዩትም? ደሙን ወደ ላይ ስባው!»

የግቢው ሰው አጉረመረመ። ዋጋዬ ይህን ታውቀዋለች። እንጅባራ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ቡዳ ተብላ ስሟ ከወጣ መጨረሻው አያምርም። ከዚህ በፊት አንዲቱ ጓዟን ሸክፋ ስትሄድ አይታለች፤ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላወቀችም። ይህቺኛዋን ሳያባርሯት መድረስ አለባት።

መሳፍንት የሚኖረው ከሟች ክፍል ቀጥሎ ነው። መልከ መልካም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። መስኮቱን በዚያ ብርድ ወለል አድርጎ ከፍቶታል።

«ቃሉን ያመጡት እርስዎ ነዎት አሉ። ምን ማለት ነው?»

መሳፍንት ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሁሉ ተነቃቃ። «በመጽሐፍ ሲሆን ነፍስ ከፈጣሪ ጋር የምትዋሐድበት መንገድ ነው። በተራው የእንግሊዝኛ ንግግር ግን ሰው ያልገባውን፣ የማይጨበጠውን፣ ጉም የመሰለውን ሁሉ እንዲያ ይለዋል።»

«እርስዎ በየትኛው አሉት?»

«በሁለተኛው።»

«እንግዲያው እርስዎ አልገባዎትም ማለት ነው እንጂ ነገሩ አይገባም ማለት አይደለም።»

መሳፍንት ፈገግ አለ። ማታ አዘና ከተማ አጎቱ ዘንድ እንዳደረ፣ ጠዋት ተመልሶ ይኸነውን ቢጠራው ዝም ስላለው አከራዩን እንደቀሰቀሰ ነገራት። እሷ ግን ዓይኗ ከወዲያ ከወዲህ ይላል። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም። ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ተወጥሯል፤ በግድግዳውና በኮርኒሱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፤ ገና አልደረቀም። የቀረው ወለል ግን ተሰነጣጥቋል።

«ቤትዎን በከሰል ያሞቁታል?»

«ከሰል? እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። ራሴን ያመኛል።»

ዋጋዬ አቶ አድማሴን ወደ ጓሮ ወሰደችው። «እነዚህ ሁለቱ ይስማሙ ነበር?»

አከራዩ ዙሪያውን አየ። «ሟቹ ባለፈው፣ ‹ሰኞ ራስህ ለርዕሰ መምህሩ ንገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። የአንዲት ተማሪ ልጅ ጉዳይ ነው። አስቸግሯት ነው መሰለኝ። እኔ በሰው ነገር አልገባም።»

እህተማርያም ከሰሏን ከመንገዱ ዳር አልዘረጋችም፤ ቤቷ ተቀምጣ ነበር። በሯ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። ዋጋዬ በአዊኛ ሰላም ስትላት ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«እማማ፣ መምህር መሳፍንት ከእርስዎ ከሰል ገዝቶ ያውቃል?»

«ትናንትና ገዝቷል። ድቃቂውን ስጪኝ አለኝ። ድቃቂ የሚገዛ የለም ልጄ። ይታፈናል እንጂ አይነድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያሰክራል አልኩት። ለአበባ መትከያ ነው አለኝ።»

«ምነው ቀድመው አልተናገሩ?»

«አፌን ስከፍት ‹በላችን› ይላሉ። ማን ይሰማኛል?»

«እኔ እሰማለሁ። ይምጡ፣ ከእኔ ጋር ማንም አይነካዎትም።»

አሮጊቷ ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻት።

ዋጋዬ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። እህተማርያምን ስታይ ፍቅርአዲስ ልትነሳ ስትል አቶ አድማሴ ያዛት።

«ወንድምሽን ዓይን አልበላውም» አለች ዋጋዬ። «ሞቶ ፊቱ እንዲህ የሚቀላው ማን እንደሆነ አስቤ ደረስኩበት። የከሰል ጢስ የያዘው ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንደጃ ስላልነበረ ግን ማንም አላሰበውም። እሳቱ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ከሰሉን መሳፍንት ክፍሉ ውስጥ ለኩሶ፣ መስኮቱን ዘግቶ አዘና ሄደ። መርዙ በኮርኒሱ ሥር ተሻገረ። ጠዋት ተመልሶ አመዱን ጣለ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ከዚያ አከራዩን ጠራ።»

«ማስረጃ!» አለ መሳፍንት።

«አበባዎ የት አለ? ግቢው ውስጥ አንድም አላየሁም። እሺ ይሁን፤ እንግዲህ ወለሉን እንይ።»

ሁሉም ተከትለዋት መሳፍንት ክፍል ገቡ። ዋጋዬ እርጥቡን እበት በቁልፍ ፋቀችው። ከሥሩ ክብ ሆኖ የጠቆረ፣ በእሳት የተጠበሰ መሬት ወጣ። ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ ሰው ጎረቤቱ በሞተበት ጠዋት እበት ለቅልቋል።

መሳፍንት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሲያለቅስ እውነተኛ ልቅሶ ነበር።

«እጄ ነው» አለ። «ልቤ ግን የእኔ አልነበረም። አሮጊቷ ድቃቂውን ስትሰፍርልኝ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን አላውቅም። ይሄ በቃል አይነገርም።»

ዋጋዬ ፍቅርአዲስ ፊቱ ላይ ትተፋለች ብላ ጠበቀች። ፍቅርአዲስ ግን ወደ እህተማርያም ዞረች።

«አላልኳችሁም?» አለች በቀስታ።

«እኔስ ገርሞኝ ነበር» አለ አቶ አድማሴ። «እንዲህ ያለ የተማረ ሰው፣ ያለ ምክንያት!»

«ስሙኝ እንጂ!» ዋጋዬ ጮኸች። «ሰኞ እንዳይነገርበት ፈርቶ ነው! ድቃቂውን የመረጠው እሱ ነው፤ ሳይገዛ በፊት አስቦበታል!»

ማን ይስማት። በሩ ላይ ያለው ለውጪው፣ የውጪው ለመንገደኛው አቀበለ፤ ‹ራሱ አመነ፣ አሮጊቷ ናት ያሠራችው› ተባለ። አንድ ድንጋይ የመስኮቱን መዝጊያ መታ። ዋጋዬ ሁሉንም አስረድታ ጨርሳለች። በሕይወቷ እንዲህ እጇ ታስሮ አያውቅም።

ፒካፑ አንድ ብቻ ነው። መሳፍንትን በካቴና አስራ ከኋላ ወንበር አስቀመጠችው። አሮጊቷን ግቢው ውስጥ ትታ መሄድ አልቻለችም፤ ክንዷን ደግፋ ከጎኑ አስገባቻት። ከውጪ እልልታ ተሰማ።

እህተማርያም ካቴናውን አየች፣ ከዚያም የራሷን ባዶ እጆች።

«ልጄ» አለች በአዊኛ፣ «እኔም ታሰርኩ?»

«አይ፣ እማማ» አለች ዋጋዬ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ አሮጊቷን የት እንደሚያወርዳት ጠየቀ። «ዝም ብለህ ንዳ» አለች ዋጋዬ፣ መንገዱን እያየች።