የጆንያው ጆሮ

ሚልኪያስ የሞተው የገዛ ደንቡን አክብሮ ነው። ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ ያለ ገበሬ ማሾውን የሚያራግፍበት የሸዋ ሮቢት መጋዘን ሥራ አስኪያጅ፣ «የእርጋታ ክፍል» ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከበላዩ ራሱ በትልልቅ ፊደል የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ተንፍስ!»

ይህን ቃል የማይጠላ ሠራተኛ አልነበረም። ሚልኪያስ አዲስ አበባ ስለ ሥራ ጫናና ጭንቀት ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ፣ ሙቀት ያዞራት ለቃሚ ወይም ሸክም ያስለቀሰው ወዛደር ሲያገኝ መሀል ላይ ያቆምና «ተንፍስ!» ይላል። ሌላው ከቦ መሳቅ አለበት። ያልሳቀ በተራው ይቆማል። እሱ ግን ቀትር በመጣ ቁጥር ክፍሉን ይዘጋል፤ ማራገቢያው ፊት እርጥብ ጆንያ አሰቅሎ ቀዝቃዛ አየር እየማገ ይዝናናል። ደረት ሲከብድ ጭንቀቱ እየወጣ ነውና ብጠራም እንዳትከፍቱ ብሎ አስጠንቅቋል።

ኢንስፔክተር ሮማን ከደብረ ሲና ብርድ ወርዳ፣ ሹራቧን ክንዷ ላይ ጥላ ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ ራህመት የምትባል ማሾ ለቃሚ በካቴና አስረው ጠበቋት። ጆንያውን በየቀኑ የምታረጥበው እሷ ናት። ባለፈው ወር ነፍሰ ጡር ሳለች «አመመኝ፣ ልውጣ» ብላ ብትለምነው፣ መሀል ላይ አቁሞ አስተነፈሳት፤ ሲመሽ ፅንሱ ወረደ። ለፖሊሶቹ ይህ በቂያቸው ነበር።

ሮማን ከሬሳው በፊት ጆንያውን አየች። አውርዳ ብትገለብጠው፣ ከጀርባው መዳፍ የምታክል ቁራጭ ጆንያ እንደ ኪስ ተሰፍታበታለች። ውስጧ ግራጫ ዱቄት አለ። ስፌቱ ያማረ ነው፤ በኪሷ ሁለት ጫፎች ላይም እንደ ፍየል ጆሮ ሾል ያሉ ቋጠሮዎች ወጥተዋል። ሮማን ቋጠሮዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

መጀመሪያ ያስጠራችው አዛውንቱን የመጋዘን ኃላፊ ነው።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይህ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የነቀዝ ክኒን አመድ ነው፣ ልጄ። ክኒኑ ውሃ ሲነካው መርዙ ይተንናል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አላህ ይጠብቀን፣ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው አያተርፍም።»

«ክኒኑ የተቆለፈበት ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የሚልኪያስ ምክትል ኤልሳቤጥ ጋ።»

«ሰውየው ሲጣራ አልሰሙም?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «ሲያስል ሰማን። ወለሉን በእጁ ሲደበድብም ሰማን። ብጠራም አትክፈቱ ብሎን የለ?»

«ለዚህ ብቻ ነው ያልከፈታችሁት?»

«አይደለም» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ለመክፈት የፈለገ ሰው ጠፋ።»

ራህመት ቀጠለች።

«ጆንያውን ትነኪዋለሽ?»

«ወላሂ አልነካውም። ከፊት ለፊቱ በጆግ ውሃ እደፋበትና እወጣለሁ። ዓይኑን ላለማየት ስቸኩል።»

«ትጠዪው ነበር?»

«አሁንም እጠላዋለሁ።»

ሮማን ፈገግ አለች። ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው እንዲህ አይመልስም።

ኤልሳቤጥ ስትገባ ፊቷ ረግቷል። ተቀምጣ የአንገት ልብሷን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«አልደነገጥሽም።»

«ሥልጠናውን አብሬው ወስጃለሁ። ስጨነቅ እጄን ሥራ አስይዘዋለሁ፤ ልቤ ይረጋል።»

«ክፍሉ ምን ሸተተሽ?»

«ነጭ ሽንኩርት ነዋ። ለደም ግፊቱ ያኝከዋል። ዛሬም ጠዋት ሲያኝክ አይቼዋለሁ።»

ሮማን መልሱን ሰማች፤ ዓይኗ ግን ከሴትየዋ ጣቶች አልተነቀለም።

ከዚያ ሁሉንም የማሾ ማበጠሪያው ወለል ላይ ሰበሰበቻቸው። ጆንያው በእጇ ነው።

«ገዳዩ ክኒኑን በዚች ኪስ ደበቀው። ራህመት ሳታውቅ ውሃ ደፋችበት፤ ማራገቢያው መርዙን ወደ ሟቹ ነፋው። ሟቹም ደረቱ ሲከብደው ጭንቀቱ የወጣ መስሎት አብዝቶ ተነፈሰ። ራህመት የሣጥኑ ቁልፍ የላትም። ቁልፍ ካላቸው ሁለቱ፣ ጋሽ ሙሄ ስለ ሽታው እውነቱን ነገሩኝ። ኤልሳቤጥ ግን ጠዋት ሲያኝክ አየሁት አለች። ጊዜው ሁዳዴ ነው! ሚልኪያስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንደማይቀምስ ለከተማው ሁሉ ያወራ ጿሚ ነው። አንቺ ኤልሳቤጥ፣ ፕሮቴስታንት ነሽና ጾሙ ከሐሳብሽ ወጣ።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለች ኤልሳቤጥ።

«ይሆናል። ለዚህማ አላስርሽም። ጋሽ ሙሄ፣ እነዚህ ቋጠሮዎች ምንድን ናቸው?»

«ጆሮ ነው የምንለው። ወዛደሩ ጨብጦ እንዲያነሳው፣ ጆንያ ሰፊ የሆነ ሁሉ ከጆንያው ጫፍና ጫፍ ያወጣዋል።»

«ይቺን ኪስ የሚሸከማት ወዛደር አለ?»

ወዛደሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጆሮ አያስፈልጋትም ነበር። ግን ሰፊዋ ተጨንቃለች፤ የተጨነቀ እጅ ደግሞ የለመደውን ይሠራል። ራህመት መርፌ ይዛ አታውቅም። የጋሽ ሙሄ ዓይን ክር አያስገባም። ጆንያ ስትሰፋ ኖራ ምክትል የሆነችው ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ኤልሳቤጥ ዞሩ። በአንገት ልብሷ ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት የሚያማምሩ ጆሮዎች ቆመዋል።

«ሥልጠናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰው እንዲያርፍበት ብዬ ነበር፤ እሱ መሣቂያ አደረገው። ከትናንት በስቲያ እኔኑ አቆመኝ። ሰኞ ወደ መርፌሽ ትመለሻለሽ አለኝ። እናንተም ሳቃችሁ!»

«ራህመት ምን አደረገችሽ?»

«ምንም። የሚጠረጠር ሰው ያስፈልገኝ ነበር።»

ይህን ብላ ትንፋሽ አጠራት፤ ደረቷን ይዛ ተንበረከከች። ከኋላ አንዱ ወዛደር «ተንፍሺ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ፤ በዚህ ቀን ግን «ሳቁ!» ያለ ጌታ አልነበረም። ጋሽ ሙሄ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

ፖሊሱ ካቴናውን ከራህመት እጅ ፈትቶ ኤልሳቤጥ እጅ ላይ አጠለቀው። ራህመት አንጓዋን እያሻሸች ወደ ሮማን ቀረበች።

«እትዬ፣ ክኒኑን ያስነሳው የእኔ ውሃ ነው ማለት ነው?»

«አዎ። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም።»

«ብዙ ተሠቃየ?»

ሮማን ልትዋሽላት አሰበችና ተወችው። «ብዙ።»

ራህመት እጇን ባዶ ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።