ሰማያዊ ሻርፕ ያሰሩት

ልጅቷ የወጣት ክርስቲያኖች ማኅበርን ጡሩምባ ነፊ መጀመሪያ ያየችው የማኅበሩን የደንብ ልብስ ሊለካ እናቷ ልብስ ስፌት ሱቅ በመጣ ዕለት ነው። ሜትሩን ትከሻው ላይ ስትዘረጋ ትንፋሹን ዋጠ።

«ተንፍስ እንጂ! ኋላ ጠበበኝ ብለህ ልታሰድበኝ ነው?»

«እጅሽን ስታነሺ እተነፍሳለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ግን ከስፌት መኪናቸው ቀና አላሉም። ያንን ልብስ ሲሰፉ ሁልጊዜም ፊታቸው ይጠቁራል።

ከዚያ ወዲያ ለመምጣት ሰበብ አላጣም። ዛሬ ቁልፍ ይረግፍበታል፣ ነገ እጅጌው ይረዝምበታል። «ቁልፉን በጥርሱ ነው የሚበጥሰው» እያለ ሰፈሩ ሳቀባቸው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከወንዙ ማዶ በሽታ ገባ። ድልድዩ ላይ ወታደር ቆመ፤ ገበያው ጭር አለ።

አንድ ከሰዓት ጡሩምባ ነፊው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ቁልፎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ።

«ማኅበሩ ማዶ ተሻግሮ ሊያስታምም ነው። እኔም እሄዳለሁ።»

እናቷ መቀሱን አስቀምጠው አንገቱ ላይ ወዳሰረው የደንብ ሻርፕ ጠቆሙ።

«ይህ ሰማያዊ ሻርፕ ለምን እንደሚታሰር ታውቃለህ?»

«ለሰልፍ ማሳመሪያ አይደለም?»

«የምን ሰልፍ! ማኅበሩ ሲጀመር ያኔም ወረርሽኝ ገብቶ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ጥቂት ወጣቶች ከጸሎት ተነሥተው አስከሬን ሊያነሡ ወጡ። የማኅበሩን አዳራሽ ሰማያዊ መጋረጃ ቀድጄ አፍና አፍንጫቸውን ሸፈንኩላቸው። የተረፉት ወደ አንገታቸው አወረዱት፤ ደንብ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ አልተረፈም። በዚያው ጨርቅ ገነዝነው።»

ልጅቷ ጡሩምባ ነፊውን አየችው። «አትሂድ» ልትል ነበር፤ ግን ሜትሩን አንሥታ መጠቅለል ጀመረች። እሱም ዓይኑን ሰበረ።

በማግስቱ የጭነት መኪና አዳራሹ ደጅ ቆመ።

«ማዶ የገባ መንገዱ እስኪከፈት አይመለስም!» አለ ሹፌሩ።

ከተሳፈሩት የማኅበሩ ወጣቶች የወረደ የለም። ይልቅ ልጅቷ ትንሽ ጓዟን ይዛ ወጣችና ጡሩምባ ነፊው አጠገብ ተቀመጠች። እናቷ ከታች ቆመዋል።

«ሌሊቱን ሙሉ ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ። ስትመለሱ ራሴ እድራችኋለሁ። ብቻ ተመለሱ!»

መኪናው ድልድዩን አለፈ። ወታደሩ ማናቸውንም ቀና ብሎ አላየም። ከማዶ በሮች ወለል ብለው ተከፍተው ይታያሉ፤ ሰው ግን የለም።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት ጡሩምባ ነፊው።

«ፈራሁ። አንተስ?»

እጇን ያዘ።

«ብቻዬን ሳለሁ አልፈራሁም ነበር።»