መታወቂያ የሌላቸው ምስክር

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሰው «ጠላ አብዝተህ ነው» እያልኩ ስቀልድበት ነው የኖርኩት፣ አሁንም የምነግርህ ያየሁትን ብቻ ነው፣ ምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ፣ እዚያ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። በአሰሳ የእትዬ አስካለ ቤት ሲፈተሽ ከግድግዳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣሊያን ሽጉጥ ተገኘና ልጃቸውን ታደሰን አሰሩት። ሴትዮዋ «የሟች ባለቤቴ አደራ ነው፣ ከአንድ አርበኛ የተቀበለው» ከማለት በቀር የማን እንደነበር አያውቁም። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «የመጀመሪያ ባለቤቱን አጣራ፣ የአርበኛ መሆኑን የሚመሰክር ሰው እስከ ዓርብ ካመጣህ ልጁን እፈታዋለሁ፣ ያለዚያ ወደ ላይ ይተላለፋል» አለኝ። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እስከ ሀና ማርያም ድረስ ሄጄ ሽማግሌ ጠየቅሁ፣ የሚያውቅ የለም፣ ወይም የሚናገር የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙም አላዘንኩም፣ ያኔ ልባችን ደንዝዞ ነበር፣ ዓርብ ምሳዬን በላሁና ቢሮዬ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

ሽጉጡን የቆለፍኩበት መሳቢያ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አይጥ ናት አልኩ። ደግሞ ቀጭ አለ። ጥይት የለውም፣ ያራገፍኩት ራሴ ነኝ። ቀና ስል ካኪ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ፊቴ ቆመዋል፣ በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«ባሻ ወልዴ እባላለሁ» አሉ፤ «ሽጉጡ የኔ ነው፣ ለልጁ አባት አደራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«የእጀታው ብሎን ጠፍቶብኝ በሚስቴ የብር ጉትቻ ነው ያሰርኩት። ከእንጨቱ ሥር ታገኘዋለህ።»

«መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከቀበሌዎ ደብዳቤ ያጽፉ፣ ያለ መታወቂያ ምስክር አልቀበልም።»

«እኛ ሰፈር ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፣ ልጄ። ጣቴን ላትምልህ?» ብለው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

እንዳይነኩት የአሻራ ቀለሙን ወደ ራሴ ሳብኩት። ደንብ ነዋ! ጣታቸውን ሰብስበው ወጡ።

መሳቢያውን ከፍቼ የእጀታውን እንጨት ሳነሳው የብር ጉትቻዋ ተጠምዝዛ አለች። ሮጬ ወጣሁ፣ ዘበኛው ግን «ጋሼ፣ ከምሳ ወዲህ ማንም አልገባም» አለኝ። ለሊቀመንበሩ ሁሉንም ነገርኩት፣ «የምስክርነት ቅጹስ?» አለኝ። ቅጹ ባዶ ነበር። አመሻሽ ላይ ታደሰን ጭነው ወሰዱት።

ሰኞ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄጄ የሽማግሌውን ስም ብነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ባሻ ወልዴ? ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ሙት ዓመታቸውን ያወጣላቸው የነበሩት? እሳቸውማ በጣሊያን ጊዜ ነው የሞቱት።»

ቢሮ ተመልሼ ያንን ባዶ ቅጽ አወጣሁት። የምስክር ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ አንድ አውራ ጣት ታትሟል።

ለሴትዮዋ አላሳየኋቸውም፣ ምን ብዬ? ታደሰም አልተመለሰም። ቅጹ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ይኸው ስንት ዘመን አለፈው፣ እመነኝ፣ ቀለሙ ግን አልደረቀም፣ በነካሁት ቁጥር ጣቴን ያጠቁረዋል።