ያልተነሳው ሞተር

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በሦስተኛው ዓመት፣ በጸደይ መግቢያ፣ ከወንዙ ማዶ የነበረው ጦር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ታዘዘ፤ መንገዶቹም በጋሪ፣ በመድፍና በደከመ እግረኛ ተጨናነቁ። የክፍለ ጦሩ መምሪያ የሰፈረው ቀድሞ የቆርቆሮ ፋብሪካ በነበረ ረጅም ሕንጻ ውስጥ ነበር፤ በላይኛው ፎቅ መኮንኖቹ ካርታ ዘርግተው ሲመክሩ ይውላሉ፤ በምድር ቤቱ ደግሞ፣ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከግድግዳው ጋር በተዋሃደበት አዳራሽ፣ የመልእክተኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ይጠገኑ ነበር።

የዚህ ጋራዥ አለቃ ትከሻው የሰፋ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ወታደሮቹ «አባ መፍቻ» ይሉታል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ በዚህ ዓለም ላይ የኔ የሚላት አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነበረችው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው፣ ጸጉሯን እያበጠረ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ስትታመም ያስታመማት፣ ኋላም የዳራት እርሱ ነው። የዳራትም ለራሱ ሰው ነበር፤ ባሏ በዚያው መምሪያ በመልእክተኛነት የሚያገለግል አስር አለቃ ሲሆን፣ ሞተር መንዳት ያስተማረውም አባ መፍቻ ነው። ይህን ጎልማሳ ጓዶቹ «ነፋሱ» ብለው ይጠሩት ነበር።

የነፋሱ ሞተር ባለአንድ ሲሊንደር፣ ጥቁር፣ የቤንዚን መያዣ ሰልባትዮዋ ጉልበት ከሚነካው ቦታ ላይ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ነበረች። ጠባይዋን ለማያውቅ አትነሳም፤ መጀመሪያ ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚኑ ጣት እስኪያረጥብ መጫን፣ ከዚያ የእሳቱን መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ መለስ ማድረግ፣ ከዚያም መርገጫውን ቀስ ብሎ እየገፉ ሞተሩ እምቢ የሚልበትን ቦታ ማግኘትና እዚያ ላይ በሙሉ ሰውነት መርገጥ ያስፈልግ ነበር። ነፋሱ በአንድ ርግጫ ያስነሳታል፤ ጓዶቹም ሚስትህ እንኳ እንዲህ በአንድ ጥሪ አትነሳልህም እያሉ ይቀልዱበታል። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር እጁን ሳይታጠብ ካንዴላውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፤ ሰንሰለቱን በጣቱ ከፍ እያደረገ መላላቱን ያያል፤ የእሳት ማመንጫውን፣ የማግኔቶውን፣ ክዳን ከፍቶም፣ እየተገናኙና እየተላቀቁ እሳት የሚሰጡትን ሁለት ትንንሽ ጫፎች፣ መካኒኮች ፑንቲና የሚሏቸውን፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጋል። አባ መፍቻም ይህን ሲያይ ያስተማርኩት በከንቱ አልቀረም ብሎ ደስ ይለው ነበር።

የሚያፈገፍገው ጦር የሚሻገርበት ድልድይ አንድ ብቻ ነበር። ድልድዩን የሚጠብቁት ሻምበል እኩለ ቀን ሲሆን በፈንጂ እንዲያፈርሱት አስቀድሞ ታዘዋል። በዚያ ማለዳ ግን ቁስለኞችን የጫኑት ጋሪዎችና አስታማሚዎቹ ገና ከማዶ እንዳሉ፣ እስከ ማምሻውም ሊዘገዩ እንደሚችሉ ተሰማ፤ የስልኩ መስመር ደግሞ በመድፍ ተበጥሷል። ስለዚህ ኮሎኔሉ ቁስለኞቹ ሳይሻገሩ ድልድዩ እንዳይነካ የሚል ትእዛዝ አዘጋጅተው ነፋሱን አስጠሩት። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ፣ ለጠላት መድፈኞች ወለል ብሎ የሚታይ ነበር፤ ከነፋሱ በፊት በዚያ መንገድ የተላኩት መልእክተኞች ከነሞተራቸው አልተመለሱም፤ ለጉዞ የተዘጋጀችው የነፋሱ ሞተር ብቻ ነበረች።

በዚያች ሰዓት የነፋሱ ሚስት ለባሏ የታጠበ ሸሚዝ ይዛ ከፋብሪካው በር ቆማ ነበር። ወሯ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት የጸነሰቻቸው ሁሉ ሳይወለዱ ቀርተውባት ስለነበር፣ ስትራመድ እንኳ አፉ ድረስ የሞላ ገንቦ እንደተሸከመ ሰው ነበረች። ባሏ ትእዛዙን ሊቀበል ወደ ፎቅ ሲወጣ ወንድሟን አስጠርታ እጁን ያዘችው።

«ወንድምጋሼ፣ አትሂድ አልለውም፤ ብለውም አይሰማኝም። አንተን ግን አደራ፤ ሞተሩን ደህና አድርገህ እይልኝ።»

«አይዞሽ፣ አየዋለሁ» አላት።

ወደ ጋራዡ ተመልሶ ከሞተሯ አጠገብ ተንበረከከ። ጎማዎቹን ጫን ጫን አደረገ፤ የፍሬኑን ሽቦ ሳበ፤ የቤንዚኑን መውረጃ መረመረ፤ ሁሉም ደህና ነበር። ሁሉም ደህና መሆኑ ግን አስፈራው፤ እህቱ የባሏን መርዶ ሰምታ፣ ያንን ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ታየችው። የማግኔቶውን ክዳን ከፈተ፤ ከሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ጥግ ቀደደና እንዳይገናኙ በፑንቲናዎቹ መካከል ሸጎጠ፤ ክዳኑንም መልሶ ገጠመው። ላቡን ከመጥረግ የበለጠ ጊዜ አልፈጀበትም። ለራሱም ምክንያት አበጀ፤ ሞተሩ እምቢ ካለ ኮሎኔሉ መኪናቸውን ይልካሉ፤ መኪናው ብረት ለበስ ነው፤ ትእዛዙም ይደርሳል፤ የእህቴም ባል ይተርፋል አለ።

ነፋሱ ትእዛዙን በደረት ኪሱ ቆልፎ ወረደና ረገጠ። አልተነሳችም። ደግሞ ረገጠ። ካንዴላ ቀየረ፤ ካርቡራተሩን ፈትቶ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋ፤ ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። አባ መፍቻ የማግኔቶው ነገር ይሆናል፣ ለኔ ተወው ብሎ ሞተሯን ወደ ውስጠኛው ክፍል ገፋትና በሩን ዘጋ። እዚያ ቆሞ ሳለ ነው የኮሎኔሉ መኪና ጎህ ሲቀድ መኮንኖች ይዞ ወደ ሌላ ግንባር መሄዱን፣ ትእዛዙን በፈረስ ለመላክ እየተሰናዱ መሆናቸውን ከውጭ ሲነጋገሩ የሰማው።

ወረቀቱን ማውጣት ይችል ነበር። እጁ ወደ ክዳኑ ሄደ፤ ካቻቢቴውም ብሎኑ ላይ አረፈ። አሁን ቢያወጣው ሞተሯ በአንድ ርግጫ ትነሳለች፤ ነፋሱም በዚያች ቅጽበት ይሄዳል። የቁስለኞቹ ነገርና የእህቱ ነገር በአንድ ጊዜ ልቡን ይዞት ቆመ። የፈረሱ ኮቴ ከግቢው ሲወጣ ሰማ፤ እጁንም መለሰ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንቅልፍ የነሳው ወረቀቱን የሸጎጠበት ጊዜ አልነበረም፤ ያኔ ደንግጦ ነበር። የነሳው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም አውቆ፣ ረጋ ብሎ ነው የቆመው።

ፈረሰኛው የገደሉን መንገድ ፈርቶ በጫካው ዞረ። ሲደርስ ድልድዩ ወንዙ ውስጥ ተኝቶ፣ ሻምበሉ ራሳቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጋሪዎቹ ከማዶው ዳር ደርሰው ቆመው ነበር፤ ከወዲህ ያሉት ወታደሮች የአስታማሚዎቹን ነጭ መደረቢያ ያዩ ነበር፤ የሚያደርጉት ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጠላት ደረሰባቸው። ከእነዚያ ቁስለኞችና አስታማሚዎች የተመለሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጉዳዩን የሚመረምሩ መኮንኖች በአንድ ባዶ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። ወረቀቱን አስቀድሞ አውጥቶ የጣለው አባ መፍቻ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ ማግኔቶው እርጥበት ገብቶበት ነበር ብሎ መለሰ። ከአንተ በፊት ማግኔቶውን መጨረሻ የከፈተው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነፋሱ ከወንበሩ ተነሳ፤ እኔ ነኝ ጌታዬ፣ በዋዜማው ጠርጌ የገጠምኩት እኔ ነኝ አለ። አባ መፍቻ መሬት መሬት አየ። ነፋሱ በቸልተኝነት ተፈርዶበት ማዕረጉ ተገፈፈ፤ የፈረስ ገለባ መጋዘን እንዲጠብቅም ተላከ። ወታደሮቹ በመንገድ ሲያገኙት፣ ነፋሱ ዛሬም ቆሟል ወይ እያሉ ያሾፉበት ነበር። እህትየው በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድሟንም አቅፋ፣ ያን ቀን ሞተሩ ባይቆም ኖሮ ልጄ አባት አይኖራትም ነበር ብላ አለቀሰች። እርሱም ሕፃኗን ሲሰጡት እጄ ዘይት ነው ብሎ ሳይቀበል ቀረ።

ጦርነቱ አለቀ። አባ መፍቻ ከገበያው ጀርባ ጋራዥ ከፈተ፤ ነፋሱም የዱቄት ወፍጮ ላይ ተቀጠረ። የጦሩ አሮጌ ዕቃ ሲጣል ያችን ሞተር ከብረት ክምር መካከል ለይቶ አወጣት፤ እሑድ እሑድም ወደ ሚስቱ ወንድም ጋራዥ እየገፋ ያመጣታል። እንደገና እስክትነሳ ድረስ ብዙ ደከሙ፤ ፒስተኑን በልኩ አስቀረጹ፤ የፍሪሲዮኑን ሳህኖች ለወጡ፤ የዛገውን ሰንሰለት በጋዝ ዘፍዝፈው አንድ በአንድ አፍታቱ። ከተነሳች በኋላ ግን ነፋሱ እንደ ድሮው አልነዳትም። በሰፈሩ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይሽከረከርና ይመለሳል፤ ከዚያ ጨርቅ ያነጥፋል፤ የማግኔቶውን ክዳን ይከፍታል፤ ፑንቲናዎቹን እንደ ዓይን ሐኪም ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ስትከፍተው በእውነት እርጥብ ነበር?» ይለዋል።

«እርጥብ ነበር።»

«የጠረግኩበት ጨርቅ ይሆን እርጥቡ? ደረቅ ነበር የሚመስለኝ። ምን እንደረሳሁ ብቻ ባውቅ።»

አባ መፍቻም መፍቻዎቹን በየቦታቸው ይሰቅላል። እንዲህ እያለ ሕፃኗ አድጋ ፊደል ቆጠረች።

ድልድዩ እንደገና ተሠርቶ በሚመረቅበት ዓመት የሟቾቹ ቤተሰቦች እንዲገኙ ተጠሩ። ነፋሱም ሳይጠራ ሊሄድ ቆረጠ፤ በሰዎቹ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ካልሆነ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አልችልም አለ። አባ መፍቻ ሊያስቆመው ሞከረ፤ አልሆነም፤ አብሬህ እሄዳለሁ ብሎ ከኋላው ተቀመጠ። ማለዳው ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋሱም ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርሹን ከፍ አድርጎ ነዳ፤ ሞተሯ በዳገቱ ላይ ሳትንተባተብ ትወጣ ነበር። የገደሉ መንገድ ጋ ሲደርሱ አባ መፍቻ ትከሻውን ነካው።

«አቁም።»

ነፋሱ ሰንሰለቱ የላላ መስሎት ወርዶ ጎንበስ አለ።

«ሞተሩ ደህና ነው። ያን ቀንም ደህና ነበር» አለው አባ መፍቻ። «ፑንቲናው መሃል ወረቀት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሞተህ እንዳትመጣባት ብዬ ነው።»

ሞተሯ ቆማ ስትቀዘቅዝ የጭስ ማውጫዋ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ነፋሱ ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሞት ይፈራል፤ ለእህትህም ሳስተህ ነው፤ እሱ ይገባኛል። ግን ይህን ሁሉ እሑድ አጠገቤ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር፣ ጋሼ።»

መልስ አልጠበቀም። ሞተሯን በአንድ ርግጫ አስነስቶ፣ አባ መፍቻን ከመንገዱ ላይ ትቶት ሄደ።

አባ መፍቻ የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ሲደርስ ሹማምንቱ ንግግራቸውን ጨርሰው፣ ሕዝቡ መበተን ጀምሯል፤ ነፋሱ ከሞተሯ አጠገብ ብቻውን ቆሟል፤ ለማንም ምንም አልተናገረም። አባ መፍቻ በአጠገቡ አልፎ የአስታማሚ ልጇን ፎቶግራፍ በደረቷ ይዛ ወደ ቆመች አንዲት አሮጊት ሄደና የሠራውን ሁሉ ነገራት። ሴትዮዋ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ሞተሩ ቢነሳ ኖሮ ይደርስ ነበር?» አለችው።

መንገዱ በመድፍ ይደበደብ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት የሄዱት ሁሉ እንዳልተመለሱ ሊነግራት ይችል ነበር፤ ውሸትም አልነበረም።

«ይደርስ ነበር፣ እማማ። እሱን የሚያህል ነጂ አልነበረንም።»

«እህትህስ ወለደች?»

«ወለደች፤ ሴት ልጅ።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ የድልድዩን ብረት ይዛ ወደ ማዶው ተሻገረች።

አባ መፍቻ በማግስቱ ወደ ጦር ሚኒስቴሩ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። የተቀበሉት ሻለቃ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ በትዕግሥት አደመጡት፤ ነገር ግን ፍርዱ የጸና፣ መዝገቡም የተዘጋ መሆኑን ገልጸው፣ ባለቀ ነገር ራስዎን አያስጨንቁ ብለው እስከ በሩ ሸኙት። ነፋሱ ወደ ጋራዡ አልተመለሰም፤ ለሚስቱም ምስጢሩን አላወጣላትም፤ የተጣሉበትንም ምክንያት ስትጠይቀው በሞተር ነው ይላት ነበር። እሑድ እሑድ ሞተሯ በሩቁ አውራ ጎዳና እንደ ድሮው እየጮኸች ስታልፍ አባ መፍቻ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ የዚያ ክፍለ ጦር ታሪክ በወፍራም ጥራዝ ታተመ። ስለ ድልድዩ የተጻፈው አጭር ነው፤ ቁስለኞቹ የጠፉት በአንድ መልእክተኛ ቸልተኝነት ትእዛዙ በመዘግየቱ ነው ይላል፤ ነፋሱንም በሙሉ ስሙ ይጠራዋል። አስታማሚዎቹ በጅምላ ተነሥተዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በችግር ጊዜ በትጋት ላገለገሉ ባለሙያዎች ምስጋና በቀረበበት ገጽ ላይ ደግሞ፣ የሞተር ብስክሌት ጋራዡ አለቃ የነበረው ሃምሳ አለቃ ስም ከሁሉ በፊት ሰፍሮ ይገኛል።