ጫማውን ያሰረው እጅ

ሟቹ ጫማ አድርጎ ነበር። ፖሊሶቹ ደሙን አይተዋል፣ ደረጃውን አይተዋል፣ ማንጠልጠያው ቀኝ የእጅ አንጓው ላይ የተጠለቀውን ምርኩዝ አይተዋል፤ ጫማውን ግን ልብ ያለው የለም። ሰው ሲሞት ሁሉም የሚያየው ፊቱን ነው። ይሄኛው በሕይወት ሳለ ፊቱንም የሚያይለት አልነበረውም። አሁን ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ለሬሳ ጊዜ የሚያጣ ማን አለ?

መርማሪዋ የራሷን ምርኩዝ ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዳሌዋ ውስጥ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አለ። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ብረቷ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ቅርም አይላትም።

የሟቹ ቦት ጫማ አሮጌ ነው። ክሩ ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ ዞሮ በውጭ በኩል ተቋጥሯል። ቀኝ መዳፉ ላይ አረንጓዴ የቀለም ቅርፊት ተጣብቋል። ቀና ብላ መደገፊያውን አየችው። አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙም ይረግፋል።

«ማነው ጫማውን ያሰረለት?» አለች።

ሃምሳ አለቃው ሳቀ። «ራሱ ነዋ፣ አለቃ! ሕፃን ነው እንዴ?»

«ቀኝ ዳሌው ከተቀየረ ገና ሳምንታት ናቸው። እግሩ ድረስ ቢጎነበስ አዲሱ መገጣጠሚያ ከቦታው ይወልቃል። ብቻውን የሚኖር ሰው ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ክር ያለው ጫማ አያደርግም። እኔስ ያን ሁሉ ጊዜ ቢሮ በሸበጥ ስመጣ አልነበር?»

«ፋሽን መስሎን ነው፣ አለቃ።»

«ፋሽን! ስንት ሰው ነው እዚያ ቢሮ ያለው? አንዳችሁ 'ላስርልሽ' አላችሁ?»

ሃምሳ አለቃው የኮፍያውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

ሟቹ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ ሰፈሩም ያንኑ ስም ሰጥቶት ቀያሹ ይለው ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ኮረብታና ሜዳ በእግሩ ሲለካ ኖሮ በመጨረሻ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ያለው መንገድ በዝቶበት ነበር። ለዓመታት ቀዶ ጥገናውን ሲፈራ ሲተው ከረመ። ከዚያ ቆረጠ፤ ተቀየረለት፤ ዳነም። ዳነ ከተባለ በኋላ ነው የሞተው።

ልጁ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት። መርማሪዋን የተቀበለቻት በአባቷ ክፍል መካከል ቆማ፣ ስልኳን እንደያዘች ነው።

«ገዳዩ ይታወቃል» አለች። «የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ደረጃ ውረድ ያለችው እሷ ናት። ክሊኒኩ ከሥራ አግዷታል፤ ፈቃዷም ይነጠቃል፤ እርስዎ ደግሞ ያስሩልኛል።»

«ካጠፋች እናስራታለን። ካላጠፋችስ?»

«አባዬ ብቻውን ደረጃ አይደፍርም ነበር። ገፋፍታው ነው!»

መርማሪዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ከፍ እንዲል እግሮቹ ሥር እንጨት የተደረገለት ወንበር። ሳይጎነበሱ ዕቃ ማንሻ ረጅም መቆንጠጫ። ደንበኛ የበሽተኛ ቤት ነው፤ ምንም አልጎደለም። ከከፍተኛው ወንበር ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት በሚያገናኝ ርቀት፣ አንዲት አጭር በርጩማ ተቀምጣለች።

«ይቺ በርጩማ ቦታዋ እዚህ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የመጣሽው መቼ ነው?»

«ሥራ አለብኝ እኮ! የተሻለውን ሐኪም የፈለግሁ እኔ፣ ወንበሩን ያሠራሁ እኔ፣ ጠዋት ማታ የምደውል እኔ!»

«ስልክ ጫማ አያስርም» አለች መርማሪዋ። «ሌላ የሚመጣ ዘመድ ነበረው?»

«አንድ አጎት አለኝ፤ ታናሽ ወንድሙ። 'አንዴ ከተቀደድክ አትነሳም' እያለ ሲያስፈራራው እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትል አልኩት። አልደረሰም። ያን አሮጌ ቦት ጫማ ደግሞ ከየት እንዳወጣው አላውቅም፤ የጣልኩት መስሎኝ ነበር።»

ጎረቤትየዋ የቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ማውራት ለምደው ዝምታ የተፈረደባቸው ሴት ስለሆኑ መርማሪዋ ሳትጠይቅ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ በኮሪደሩ የማንሸራሽረው፣ ልጄ። ያቺ ባለሙያ ለሁለታችንም ነው ያሳየችን። 'ምርኩዝ በጤነኛው በኩል!' እያለች። ስሳሳት በእጄ መታ ታደርገኛለች፤ ደፋር ናት።»

«የዚያን ዕለት ምን ሰሙ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳቅ።»

«የማን?»

«የሱ ነዋ! በግድግዳው በኩል። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ብቻውን የሚኖር ሰው ሲስቅ ከሰማሽ ወይ ሬዲዮ ነው ወይ አእምሮው ተነክቷል። ሬዲዮ ነው ብዬ ተውኩት።»

መርማሪዋ ተመልሳ የቀያሹን ሬዲዮ ከፈተችው። ድምፅ የለውም። የኋላ ክዳኑን ስታነሳ ባትሪው አርጅቶ፣ አፍስሶ፣ ከነሽቦው ተጣብቋል። ይህ ሬዲዮ ከተናገረ ቆይቷል። በአንድ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ሞቶ ባትሪ የሚገዛ ሰው ሲጠፋ ማንም ፖሊስ አይጠራም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋን ያገኘቻት ክሊኒኩ ጓሮ፣ ዕቃዋን በካርቶን ስትሰበስብ ነው።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጠይቅሽ ነው። ደረጃ ውረድ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ! የተቀየረ ዳሌ ካልሠራ ይደርቃል። ግን ከሰው ጋር ነው ያልኩት። ሲወርድ የታመመው እግር ይቅደም፤ ቀኝ እጁ መደገፊያውን፣ ግራ እጁ ምርኩዙን ይያዝ፤ አጋዡ ከፊቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ይውረድ።» ካርቶኑን አስቀመጠችው። «'ከሰው ጋር' ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ሰው ከየት ላምጣ?' አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ!»



መርማሪዋ ለራሷ ቀዶ ጥገና በፈረመችበት ቀን ነርሷ «አብሮሽ ማን አለ?» ስትላት «መኪና ሊያቆሙ ሄደዋል» ብላ ነበር። ማንም መኪና የሚያቆምላት አልነበረም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከዚያው ሰፈር ወዲያ ማዶ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ወንድም ጋሼን ካየሁት ቆየሁ» አለ። «ልጅየዋ ከለከለችኝ። እኔም ኩራት አለኝ።»

«አብራችሁ ትሠሩ ነበር አሉ።»

ሽማግሌው ፈገግ አለ። «እሱ ቀያሽ፣ እኔ ተሸካሚ! መለኪያውን፣ ሰንሰለቱን፣ ባለ ሦስት እግሩን፣ ሁሉንም። ወንድም ጋሼ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። ዕቃ ከያዘ ሐሳቡ ይበተናል። እኔ ጥርጊያውን እያየሁ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።»

መርማሪዋ የሽማግሌውን እግር ከሚገባው በላይ ቆይታ አየችውና አመስግና ሄደች። መንገድ ላይ ሃምሳ አለቃው የሐኪሙን ቃል ይዞ ደረሰ። ቀያሹ ወዲያው አልሞተም። ጥቂት ቆይቷል።

በማግስቱ ልጁ፣ ጎረቤትየዋ፣ ባለሙያዋና ወንድምየው፣ አራቱም በቀያሹ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ከፍተኛው ወንበር ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም። ወንድምየው በሩ አጠገብ ቆመ፤ የወንድሙ ልጅ ሰላም አላለችውም።

መርማሪዋ የሟቹን ምርኩዝ አነሳች። «የተቀየረው ቀኝ ዳሌው ነው። ምርኩዙ በየትኛው እጅ ይያዛል?»

«በግራ!» አሉ ጎረቤትየዋና ባለሙያዋ ባንድ አፍ።

«በቀኝ ነዋ» አለች ልጁ። «ወደታመመው በኩል።»

«ከሐኪም ቤት ሲወጣ ቤተሰብ የሚማረው ትምህርት ነበር። ማን ሄደ?»

«ሾፌሬን ልኬ…» አለችና አቋረጠች።

«ሾፌርሽ ምናልባት ያውቅ ይሆናል።» መርማሪዋ ወደ ሁሉም ዞረች። «ምርኩዙ የተገኘው ቀኝ አንጓው ላይ ነው። ቀኝ መዳፉ ላይ ግን የመደገፊያው ቀለም አለ። ሲወድቅ ቀኝ እጁ ብረቱን ጨብጦ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ምርኩዙን ያጠለቀለት ሌላ ሰው ነው፤ ያጠለቀለትም ከወደቀ በኋላ፣ ብቻውን የወረደ እንዲመስል። ባለሙያዋ ብትሆን በግራው ታደርገው ነበር። ጎረቤትየዋም እንዲሁ። እጃቸው ስንት ጊዜ ተመትቷል!»

«እኔን ነው የሚሉት?» ልጅቷ ጮኸች።

«አንቺን ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው በዚህች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማ አስሮለታል። አባትሽ የሳቀው ለሬዲዮ አይደለም፤ ሬዲዮው ድምፅ የለውም። የሳቀው ለሰው ነው። ለሚወደው ሰው። ነይ፣ የእኔን ጫማ እሰሪ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት በርከክ አለች፤ ክሩን እንደማንም ሰው ከፊት ለፊት በቢራቢሮ ቋጠረችው።

«የአባትሽ ክር ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ በውጭ በኩል ነው የታሰረው። ቁጥቋጦ ቋጠሮውን እንዳይዘው፣ የሜዳ ሰዎች እንዲህ ያስራሉ። እሱ ያውቅበታል፤ ግን እጁ አይደርስም። ታዲያ እዚህ ክፍል ውስጥ…»

መጨረስ አላስፈለጋትም። ሁሉም የወንድምየውን እግር እያዩ ነበር። ክሩ ቁርጭምጭሚቱን ዞሮ በውጭ በኩል ተቋጥሯል።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ደወለልኝ» አለ። «ያን ሁሉ ጊዜ ተኳርፈን፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ 'ጫማዬን የሚያስርልኝ ሰው አጣሁ' አለኝ። በሩጫ መጣሁ። ቆሞ በሩን ከፈተልኝ! ቆሞ! አይነሳም ያልኩት እኔ… እንዴት ሳቀብኝ! 'ብረት ሆኛለሁ፣ አንተ ፈሪ' አለኝ። የሜዳ ቦቱን ከቁም ሳጥን አናት አውርድልኝ አለ። እስከ እኔ ቤት በእግሩ ሊሄድ ነበር።»

«ምርኩዙስ?» አለች መርማሪዋ።

«ደረጃው አፍ ላይ… 'አምጣ ልያዝልህ' አልኩት። ልማድ ነው። ዕቃውን የምይዘው እኔ ነኝ። 'ትከሻህ ይበቃኛል' አለኝ። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እንደ ድሮው። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ትከሻዬ ሲቀል ነው የዞርኩት።»

«ቅድም በልማድ፤ በኋላስ ለምን አጠለቁለት? ለምን አልጮሁም?»

«የሞተ መስሎኝ።»

«መስሎዎት ነው ወይስ ፈርተው?»



«ፈርቼ» አለ። «ልጅየዋ ገደለው ትላለች ብዬ።»

መርማሪዋ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታችው። «መውደቁ አደጋ ነው፣ አባባ። ዝምታዎ ግን አደጋ አይደለም። ወንድምዎ ወዲያው አልሞተም፤ አንድ ጩኸት ቢጮሁ ጎረቤቱ ግድግዳ ማዶ ነበሩ! ይሄ አንሶ የዚህች ሴት እንጀራ ሲቆረጥ፣ እስር ቤት ሲዘጋጅላት፣ ደጅዎ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ለዚህ ይጠየቃሉ።» ወደ ልጁ ዞረች። «ላንቺ የሚሆን አንቀጽ ሕጉ ውስጥ የለም። ፈልጌ ነበር። ሕግ የሚጠይቀው ማን መጣ ብሎ ነው፤ ማን ቀረ ብሎ አይጠይቅም።»

ባለሙያዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጥርጣሬው ተነስቶላታል። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ጎረቤትየዋ ብቻ ክንዷን ያዙ፤ በግራ በኩል።

የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ቦት ጫማውን በመቀስ ሊቆርጠው ሲል መርማሪዋ ከለከለችው። ሽማግሌውን ከነፖሊሱ አስገባችው። ልጅቷ ቀድማ የአንደኛውን እግር ክር ይዛ ትታገል ነበር፤ ቋጠሮውን ከፊት ትፈልጋለች።

«በውጭ በኩል ነው» አላት አጎቷ፤ እጇንም ይዞ አሳያት። አንደኛውን እሱ፣ ሌላኛውን እሷ ፈቱት። አልተነጋገሩም።

መርማሪዋ ወጥታ የሬሳ ክፍሉ ደረጃ አፍ ላይ ቆመች። ዳሌዋ ደክሟታል። ሃምሳ አለቃው አጠገቧ ኮፍያውን እያሻሸ ቆሟል።

«አለቃ፣ ቤት ላድርስሽ?»

«ራሴ…» አለችና ተወችው። የእግሯን ክር አየች፤ ልጅቷ ያሰረችው ቢራቢሮ እንዳለ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ባሰረላት ጫማ ስትሄድ ውላለች።

«ከፊቴ ውረድ» አለችው። «አንድ ደረጃ ዝቅ ብለህ። ፊትህን ወደ እኔ አድርግ።»

እንዳለችው አደረገና እጁን ዘረጋ።

«ምርኩዜን ግን እንዳትነካ።»